ሠላሳ ካሬ ትርፍ

ልብስ ሰፊውን ሰፈርተኛው «ጋሽ ሚሊ» ይለዋል፤ የሱሪ እግር ሲያሳጥር በሚሊ ሜትር ነው የሚከራከረው። ደንበኛው ሆዱን ሳብ ሲያደርግ ወዲያው ያውቅበታል። «ልቀቀው፤ ሱሪ አይታለልም» ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ቤት ሲገዛ ተሞኘ። ያውም በገዛ ሜትሩ!

ከሚስቱ ጋር አሥራ አንድ ዓመት በአንዲት ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። አልጋው፣ ስፌት መኪናውና ምድጃው ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው። ስለዚህ ሻጩ ሰፊውን መኝታ ቤት ከፍቶ ሲያሳያቸው፣ ሚስትየው ሁለት እጇን ዘርግታ ዞረች፤ ግድግዳ አልነካትም። አለቀ፣ ልቧ እዚያው ቀረ።

ሆኖም ከውሉ በፊት «አንተ ሰውዬ፣ ቀያሽ እናስጠራ። ካርታው ላይ ያለውና መሬቱ ላይ ያለው አንድ መሆኑን ይመልከትልን» አለችው።

«እኔ እያለሁ ቀያሽ?»

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ፣ ተንበርክኮ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ለካው። አንድ ሜትር ተኩል፣ አንድ ሜትር ተኩል እያለ ጉልበቱ ተላጠ። ካርታው ሁለት መቶ ካሬ ይላል። የእሱ ልኬት ሁለት መቶ ሠላሳ ወጣ። ደገመው፤ ያው ነው። ሚስቱን ወደ ጥግ ጎተታት።

«ሠላሳ ካሬ ትርፍ አለ! ሻጩ አላወቀም፤ ድምፅሽን አጥፊ።»

«ታዲያ አንነግረውም?»

«አብደሻል? ቀያሽ ቢመጣ እኮ ያነቃብናል!»

ይኸው ነው እንግዲህ! መሬት እንደ ሊጥ ኩፍ አይል፣ ከየት መጥቶ ይተርፋል? ከወረቀቱ በላይ የተገኘ መሬት ወይ የጎረቤት ነው፣ ወይ የመንገድ። አጥር ማለት ቆርቆሮና ሚስማር ነው፤ ማንም ደስ ባለው ቦታ ይተክለዋል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፣ ስግብግብነትን ለአንድ ቀን መተው ነው እንጂ። ሰውየው ግን ፈገግታውን በመዳፉ ሸፍኖ ፈረመ። ሻጩም ይስቅ ነበር፤ እሱ ግን አልሸፈነውም።

በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ አጥራቸውን በግንብ ሊያሠሩ ቀያሽ ይዘው መጡ። ቀያሹ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በመሣሪያው አየ፣ የሁለቱንም ካርታ አየ፣ ቀይ ችካል መታ። ሁለተኛው ችካል የነጋሽ ሚሊ ቤት ግድግዳ ሥር አረፈ። ከዚያ «ይቅርታ» ብሎ ጫማውን አወለቀና መኝታ ቤት ገባ። መስመሩን በጠመኔ ወለሉ ላይ ሲጎትት አልጋው መሐል ላይ ደረሰ። አልዞረም፤ በብርድ ልብሱ ላይ ቀጠለ።

«በዚህ በኩል የእናንተ ነው፤ በዚያ በኩል የእሳቸው።»

በዚያ በኩል የሚተኛው ባልየው ነው።

«እትዬ፣» አለ የጠመኔውን መስመር እያየ፣ «እኔ እርስዎ ግቢ ውስጥ ነው እንዴ የማድረው?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ!» አሉ አዋላጇ። «ማንኮራፋትህ አይከፋም። መሬቴን ግን እፈልገዋለሁ። የፊተኛው ባለቤት ዛሬ ነገ እያለ ነው ያቆየኝ።»

«ይሽጡልኝ በሞቴ!»

«አልሸጥም፤ ልጄ መኪና ያስገባበታል።»

ሻጩ ጋ ሮጠ። ያ ዓይን አውጣ በር ላይ እንደቆመ ውሉን አነበበለት። «ሁለት መቶ ካሬ ይላል፤ ሁለት መቶህን አግኝተሃል። ነው ወይስ ትርፍ መኖሩን አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?»

ባዶ እጁን ተመለሰ።

ግድግዳው ፈርሶ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ገብቶ ተሠራ። መኝታ ቤቱ ጠቦ ኮሪደር አከለ፤ አልጋው ከግድግዳ ግድግዳ ገጥሞ ቁጭ አለ። በሩ በሚስትየው በኩል፣ እሱ ከአዲሱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ። ጠዋት ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ በእሷ ላይ መሻገር አለበት።

«እመቤቴ፣ ልለፍ?» ይላል በለሆሳስ።

ዓይኗን ሳትገልጥ ትመልሳለች፦ «በማን መሬት?»

እሱም እግሩን አቆላልፎ፣ እስክትነሣ ይጠብቃል።