ምንሽሩ የሄደበት ሰርግ

ከልጅነቴ ጀምሮ ወሬ አላሳድርም። እናቴ “አንቺ ጋ የተቀመጠ ምስጢር ገበያ ውሎ ይመጣል” ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ነርስ ሆኜ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ስመደብ ግን አንድ ነገር ለራሴ ማልሁ፤ ከበሽተኛ አፍ የሰማሁት ከምርመራ ክፍሉ አይወጣም። በቀረው ሁሉ ድሮ እንደነበርሁ ነበርሁ። ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ ማወቅ የፈለገ ወደ እኔ ይመጣል።

ክፍሎቻችን በችፑድ የተከፈሉ ስለነበሩ ሳል እንኳ ከወዲያ ይሰማል። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ ገበሬ ተረኛው ሁሉ እስኪሄድ ጠበቁ። ከከተማዋ ወጣ ብለው ወደ ጮቄ ተራራ መውጫ የሚያርሱ፣ በሰፈራቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ራሴን ያመኛል ብለው ተቀመጡ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያዩ፣ “ሲስተር፣ ወንድሜን ከቀበርሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግድግዳው ላይ የአባቴ ምንሽር ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር በገዛ እጄ ልገላገል እላለሁ” አሉኝ።

ደነገጥሁ፤ ግን እንዳይታወቅብኝ አደረግሁ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ላክኋቸው፣ መድኃኒት ታዘዘላቸው፣ ጠበልም ገቡ፣ እንቅልፋቸው ተመለሰ። መድኃኒቱን በየወሩ እየመጡ ከእኔ ይወስዱ ጀመር። ምንሽሩን ከቤት እንዲያወጡት ግን ለምኜ ለምኜ እንቢ አሉኝ።

“የአባቴን ምንሽር ባወርድ ሰው ምን ይለኛል? ለወግ ማዕረግ የደረሰች ልጅ አለችኝ። የእብድ ልጅ ተብላ ማን ያገባታል?”

በእኛ አገር መሣሪያውን ከቤቱ ያወጣ ሰው ለምን ሳይባል አይታለፍም።

በዚያው ዓመት የመሣሪያ ምዝገባ መጣ። መሣሪያ ያለው ሁሉ ይዞት ይቀርባል፣ ጠባዩን የሚመሰክሩለት ሽማግሌዎች ያቆማል፣ ከዚያ ፈቃድ ይሰጠዋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ብቅ አለ።

“የጭንቅላት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ስም ንገሪኝ” አለኝ። “ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥተን ነገ ደም ቢፈስ ማን ሊጠየቅ ነው?”

“የበሽተኛ ነገር የበሽተኛው ነው። ራሱ ካልፈቀደ አልናገርም።”

“ወሬ ትወዳለች ሲሉ ሰምቼ ነበር እኮ” ብሎ ሳቀ።

“በሌላው ከሆነ ቁጭ በል፤ እስኪመሽ አወራሃለሁ” አልሁት።

ሳቁን አቆመ። “እንግዲያው አንድ ነገር ቢፈጠር በአንቺ ነው” ብሎኝ ሄደ።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ስም ከዚያ ክፍል ቢወጣ፣ መሣሪያ ያለው ሰው ሁሉ በሽታውን ውጦ ቤቱ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ይህን አምኜ ዝም አልሁ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ገበሬው አስመስክረው፣ ፈቃዳቸውን ይዘው፣ ምንሽሩን አንግበው በጤና ጣቢያው በር ሲያልፉ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ።

ሑዳዴ ሲገባ ለመድኃኒታቸው ሳይመጡ ቀሩ። ይህ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ጾመኛ መድኃኒቱንም አብሮ ይጾማል። የትንሿ ልጃቸው ክትባት ደርሶ ስለነበር እሱን ምክንያት አድርጌ ቤታቸው ሄድሁ። ፊታቸው ገርጥቶ፣ በጋቢ ተጀቡነው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ምንሽሩ ከራስጌያቸው ተሰቅሏል። ሚስታቸው ሕፃኗን አቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እሷም እንቅልፍ እንዳጣች ያስታውቃል። ባሏ ምን እንደነገሩኝ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋት።

መርፌውን እያዘጋጀሁ ከእሳቸው ጋር ነገሩን በምን እንደምጀምር ሳስብ የሚስታቸው ወንድም ገባ። ሰላምታውን እንደ ጨረሰ፣ “ሰርግ አለብን። ምንሽሩን ቢያውሱኝ ብዬ ነው የመጣሁ” አለ።

መሣሪያ ለሰርግ መዋዋስ ያለ ነው፤ ሙሽራ ሲታጀብ መሣሪያ ያልያዘ ሚዜ አያምርበትም። ግን ሑዳዴ ነው። በሑዳዴ ቄስ አያጋባ፣ በግ አይታረድ። ሚስትዮዋ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። እህትና ወንድም ተማክረው ሁሉን አስበዋል፤ የረሱት ጾሙን ብቻ ነው። ለእሱም ከአፉ ከወጣ በኋላ ገባው መሰለኝ፣ በዚያ ብርድ ግንባሩን ላብ ላብ አለው።

ገበሬው ሚስታቸውን አዩ፣ አማቻቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ነግራቸዋለች ብለው ያስባሉ ብዬ ፈራሁ።

“ሲስተር፣ በሑዳዴ ማን ይዳራል?”

“እኔ ምን አውቄ፤ የመጣሁት ለክትባት ነው” አልሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያጠረ መልስ መልሼ አላውቅም።

ገበሬው ተነሥተው ምንሽሩን አወረዱ፣ ጥይቱን አወጡ፣ ከነዝናሩ ለአማቻቸው አስታቀፉት።

“ሙሽራውን እንኳን ደስ ያለህ በልልኝ” አሉት። “ሰርጉ ከረዘመም ለመመለስ አትቸኩል።”

ሚስትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሕፃኗን ወጋኋት፤ እሷ ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስሁ፣ ማንም ለምን አላለኝም።

መድኃኒቱን ማታ ማታ ከእህል በኋላ እንዲወስዱ ተስማማን። ፋሲካ መጥቶ ሄደ፣ ምንሽሩ አልተመለሰም። ጎረቤት ሲጠይቅ ተውሰውታል ይባላል፤ የሚዋዋሰው ነገር ብዙ ስለሆነ ከዚያ አልፎ የጠየቀ የለም። ሊቀ መንበሩም ከሥልጣኑ እስኪነሣ ድረስ ምንም አልሰማም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጥር ሊገባ ሲል፣ ገበሬው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ወፈር ብለዋል፣ ፊታቸው ጠርቷል። አማቻቸው ያንኑ ምንሽር አንግቦ ከኋላቸው ቆሟል። የመድኃኒት ቀናቸው ስላልነበር ክው ብዬ ቀረሁ።

“ትልቋን ልጄን ልድር ነው፤ እንዳትቀሪ” አሉኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “ይሄኛው የእውነት ሰርግ ነው።”