ያልተጠየቀው የአባት ስም

ደብረ ታቦር ላይ ስለ ጌጡ ሥራ ብትጠይቁ፣ ከአሥር ሰው ዘጠኙ «ኮምፒውተር ይጠግናል» ይላችኋል። አይጠግንም። እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ስለሆነ ግን የተበላሸ ላፕቶፕ ይዘው የመጡበትን ጎረቤቶች ሁሉ ሻይ እያጠጣ፣ ሞክሮ ሞክሮ ይመልሳቸዋል። እውነተኛ ሥራው ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ሰው ስክሪን ላይ የሚያየውንና የሚነካውን ክፍል። መረጃው የሚቀመጥበትን ጓዳ፣ ሰርቨሩን ማለት ነው፣ ባሕር ዳር ያለው የሥራ ባልደረባው ፋሲል ይይዘዋል። ፋሲል ፈጣን ነው። ጌጡ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ የጫማ ክር ለማሰር እንኳ ሁለቴ የሚያስብ ፍጥረት ነው። እናቱ አበበች «ሲወለድም አመንትቶ ነው» ትላለች፤ ምጡን ያየችው እሷ ስለሆነች ማንም አይከራከራትም።

እንዲህ ያለው ጠንቃቃ አንድ ጊዜ ቸኮለ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው ደግሞ ለሱ ሳይሆን አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና መውጫ ላይ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የክትባት ተራ መጥሪያ ገጽ እንዲሠሩ ሁለቱን ጠየቋቸው። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው አግዳሚ ላይ ይጠብቃሉ፣ ነርሷ የልጁን ስም ከነአባቱ ከስክሪኑ ላይ እያነበበች ትጠራለች፤ በቃ። ጌጡ ከሰርቨሩ መረጃ የሚጠይቀውን ኮድ በእጁ ጻፈው። ስም ስጠኝ፣ የአባት ስም ስጠኝ አለ። የአባት ስም ባይኖርስ ብሎ አላሰበም፤ ፋሲልም አልነገረውም።

ገጹ ሥራ በጀመረበት ቀን የጤና ጣቢያው ነባር ነርስ ሲስተር ፈንታነሽ ለሥልጠና ሄዳ ነበር። ፈንታነሽ ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም፤ የአካባቢውን ሰው አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ተተክታ የመጣችው ልጅ ግን ለአገሩ እንግዳ ናት፤ የተጻፈላትን ነው የምታነበው። «ብርቱካን ባዶ» ብላ ተጣራች። የአባት ስም ባልተመዘገበበት ቦታ ፋሲል «ባዶ» የሚል ምልክት ትቶ ኖሮ፣ ገጹ ስም መስሎት እንዳለ አወጣው። አግዳሚው ሙሉ ሳቀ። ባዶ የሚባል ሰው የየት ቀበሌ ነው ያለም ነበር። ውዴ የምትባለው ድንች ሻጭ ከመሐል ተነሥታ፣ ልጇን እንዳዘለች፣ ቀና ብላ ማንንም ሳታይ ወጣች። የብርቱካን የኩፍኝ ክትባት እንደዚያው ቀረ።

ፈንታነሽ ከሥልጠናዋ ተመልሳ ይህን ስትነግረው ጌጡ ምሳ አልበላ አለው። በዚያው ሰሞን ደግሞ አጎራባች ቀበሌ ኩፍኝ ገባ ተባለ። ፈንታነሽ ውዴን ደጋግማ ለምናት ነበር፤ እሺ ትላለች፣ አትመጣም።

ጌጡ ሲናደድ አይሳደብም፣ ሥራ ይሠራል። ክፍሉን ዘግቶ ከኮምፒውተሩ ጋር ሰነበተ። አበበች ምን እንደሚሠራ ብትጠይቀው፣ እሷ በሚገባት መንገድ አስረዳት። ሰው ገበያ ስትልኪ ያለውንም የሌለውንም በግምት ከነገርሽው ተሳስቶ ይመጣል፤ እኔም እስከ ዛሬ የሠራሁት እንደዚያ ነው አላት። አሁን የሚጽፈው ፕሮግራም ግን አስቀድሞ ሰርቨሩ ዘንድ ሄዶ ምን ምን እንዳለ፣ የቱ ቁጥር የቱ ጽሑፍ እንደሆነ፣ የቱ ሁልጊዜ እንደሚገኝና የቱ ሊታጣ እንደሚችል ያነባል። ከዚያ የመጠየቂያውን ኮድ ራሱ ይጽፈዋል፤ የሰው እጅ አይገባበትም። ገጹ የሚሠራበት ቋንቋም ጥብቅ ስለሆነ፣ ሊታጣ የሚችለው ነገር ቢታጣ ምን እንደሚደረግ እስኪነገረው ድረስ ገጹን አልሠራም ብሎ ይቆማል።

አበበች ይህን ሁሉ በትዕግሥት አዳምጣ፣ እንዲያ ከሆነስ አንተን የሚያህል ሌላ ፈሪ ሠራህ አለችው። ጌጡ ሳቀ። እውነቷን ነበር።

ፈሪው ሥራውን ጀመረ። የአባት ስም ሊኖርም ላይኖርም እንደሚችል ፋሲል ሰርቨሩ ላይ በትክክል እንዲያስቀምጥ ጌጡ ነዝንዞ ነዝንዞ አሠራው። አዲሱ ፕሮግራም ያንን አንብቦ ኮዱን ጻፈ፤ ገጹም ወዲያው አሻፈረኝ አለ። የአባት ስም ሲታጣ ምን ልበል ነው ጥያቄው። ፋሲል በስልክ፣ ሰረዝ አድርገህ እለፈው፣ ይኼ ምኑ ይከብዳል አለው። ሰረዝ ሲጠራ ምን ተብሎ ይጠራል? ቦታውን ዝም ብሎ ቢተወው ደግሞ ነርሷ «ብርቱካን» ብላ የቀረውን ፍለጋ ቆም ትላለች። ያንን ቆም ማለት ጌጡ ያውቀዋል።

ጌጡ ደረጄ ተብሎ ይጠራ እንጂ ደረጄ አባቱ አይደለም፤ አጎቱ ነው፣ የእናቱ ወንድም። ትምህርት ቤት ሊመዘገብ በሄደ ቀን የአባት ስም ሲጠየቅ አበበች ዝም አለች፤ መዝጋቢውም እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆመ። «ደረጄ በሉት» ብሎ ያን ዝምታ የሰበረው አጎቱ ነው። ደረጄ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፤ ጌጡ ስሙን በፍቅር ነው የያዘው። ቢሆንም ሙሉ ስሙ በሰው ፊት በተጠራ ቁጥር እናቱን የካዳት ይመስለዋል። ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

ስለዚህ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ የአባት ስም ሲታጣ ልጁ በእናቱ ይጠራ ብሎ ጻፈ። ገጹ እሺ አለ። ጌጡም ደስ አለው፤ ደስታውን ይዞ ቅዳሜ ገበያ ወረደ።

ውዴ ድንቿን ከፊቷ ከምራ፣ ብርቱካን ጀርባዋ ላይ ተኝታ አገኛት። የጉና ድንች ነው፣ ውሃ ውሃ አይልም ብላ ለገዢ የምትለውን አለችው። ጌጡ ግን ድንች ሊገዛ አልመጣም። ያንን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሁን ተስተካክሏል፣ በሚመጣው የክትባት ቀን ልጅቱ ትምጣ ብሎ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ውዴ አልጮኸችበትም። የተበላሸውን ድንች ከደኅናው መለየቷን ቀጠለች።

«አሁንስ ምን ብላችሁ ልትጠሯት ነው?»

«ብርቱካን፣ የውዴ ልጅ» አላት፣ ኮራ ብሎ።

«ሌሎቹንስ?»

«ሌሎቹንማ በአባታቸው።»

ውዴ ቀና ብላ አየችው። በዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«እንግዲያማ ያው ነው፣ ወንድሜ። ባዶ የምትሉትን አሳመራችሁት እንጂ።»

ጌጡ ድንች ገዝቶ፣ የሚበቃውን ያህል አይደለም፣ መሸከም ከሚችለው በላይ ገዝቶ፣ አቀበቱን እያለከለከ ወጣ። ቅንድብ ላሳምር ብሎ ዓይን ማጥፋት ይኼ ነው እያለ ራሱን ረገመ። ልክ ነበረቻ። ሁሉም በአባቱ ተጠርቶ አንዷ ብቻ በእናቷ ስትጠራ፣ ምን እንደጎደላት አግዳሚው ሁሉ ይሰማል።

ቤቱ ገብቶ ድንቹን በሩ ሥር ጣለና ገጹን ከፈተ። ገጹ ሰርቨሩን የሚጠይቃቸውን አንድ በአንድ አየ፤ የልጁ ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ወይም የአሳዳጊ ስም። ሲያመነታ የኖረ ሰው፣ ይኸኛው ቢታጣ ምን ልበል እያለ ሲጨነቅ የሰነበተ ሰው፣ አሁን ሌላ ጥያቄ መጣለት። ለመርፌ ተራ የአባት ስም ምን ያደርግልኛል? ለምን ብዬ ነው የምጠይቀው? የእናት ወይም የአሳዳጊ ስም ሁልጊዜ አለ፤ ሕፃን ብቻውን በእግሩ ጤና ጣቢያ አይመጣማ። የአባት ስምን መስመር አጠፋት። ፕሮግራሙ ኮዱን እንደገና ጻፈው፤ ያልተጠየቀውን አይጽፍምና የአባት ስም ከገጹ ውስጥ ወጣ። ቢታጣስ የሚል ጥያቄም አብሮ ወጣ። ገጹ አንዲት ቅሬታ ሳያሰማ ተነሣ።

ፋሲል ሲሰማ ተቆጣ። ሰው በአባቱ ነው የሚጠራ፣ መረጃው ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሎ እያለ መተው ምን የሚሉት ነው፣ አገር ይስቅብናል አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጌጡ እስቲ ላስብበት ይል ነበር።

«ሰርቨሩ ላይ ይኑር፣ አትንካው» አለ። «እኔ ግን አልጠይቅም።»

ለውዴ በፈንታነሽ በኩል ሁሉም በእናቱ እንደሚጠራ መልእክት ላከላት። እናያለን አለች አሉ።

የክትባቱ ዕለት ጌጡ በጠዋት ሄዶ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ውዴ የለችም። ጥሪው ተጀመረ፤ አሁንም የለችም። ጌጡ መንገዱን እያየ አንገቱ ሊቆለመም ደረሰ። ውስጥ ፈንታነሽ «መልካሙ፣ የአመተማርያም ልጅ» ብላ ስትጣራ፣ አለሙ የሚባል ገበሬ ብድግ አለ። ስንት ዓመት ለምኖ ያገኘውን ወንድ ልጁን ሊያስወጋ ከሚስቱ ጋር ከጉና ሥር የመጣ ነው። እኔ አባቱ በቁሜ እያለሁ ስሜ የት ገባ ብሎ ሞገተ። ፈንታነሽ መርፌዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

«ዛሬ የሚወጋው ልጁ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ስምህ ካልተጠራ ካልህ ክንድህን አምጣ።»

አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። አለሙም ሳይወድ ሳቀ። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማውን የሴት ሳቅ ጌጡ ዞር ብሎ ቢያይ፣ ውዴ ናት። በየት እንደገባች አላያትም፤ በጓሮው በር ነው መሰል። ጌጡ እንባው መጣ፤ አቧራ ገባብኝ ለማለት እንኳ አልሞከረም።

ብርቱካን በተራዋ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በእናቷ ስም ተጠራች፤ እንደ ሌሎቹም ጣሪያ እስኪነሣ አለቀሰች። ውዴ እያባበለቻት ስትወጣ በሩ ላይ ጌጡን አየችው። ቆመች። ከላይ እስከ ታች ከለካችው በኋላ፣ በዚያ አገር ሰው ሰውን ለማወቅ ሲፈልግ የሚጠይቀውን ጠየቀችው።

«ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ጌጡ ለዚህ ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ አንድ መልስ ነበረው። አፉ ላይም መጥቶ ነበር።

«የአበበች» አላት።

ውዴ ብርቱካንን አስተካክላ አዘለቻት። «ታድላ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።