ያለ ጥንቅሽ የተዘራው ማሳ

አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ከሚሴ ነው የማስተምረው፤ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ በባጃጅ ጨፋ ወርጄ ታላቅ ወንድሜን ካልነዘነዝኩ ሳምንቱ የሞላ አይመስለኝም። አባታችን በስትሮክ ግማሽ ጎኑ ከተያዘ ጀምሮ ያሳደገን እሱ ነው። ማሽላ ያርሳል። በማሽላው መሃል ደግሞ ሁልጊዜ ጥቂት ጥንቅሽ ይዘራል። ጥንቅሽ ለጎተራ ተብሎ አይዘራም፤ አገዳው ጣፋጭ ነው፣ በእሸቱ ተልጦ ይመጠጣል፣ አለቀ። መስከረም ላይ ወንድሜ በማሳው ዳር ያለፈን ሁሉ፣ የተጣላውን ሰው ሳይቀር፣ ጠርቶ አገዳ ያሲዝ ነበር። የሚጣፍጠውን ካልጣፈጠው የሚለየው በቅጠሉ ነው፤ የመሃሉ ጅማት ነጭ ከሆነ ደረቅ፣ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ውሃ የያዘ ነው ይላል። እኔን ማስተማሩን ግን ተስፋ ቆርጦ ትቶታል።

ካቻምና ይህ ሰው ተለወጠብን። ያርሳል፣ ይሰግዳል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ሰላምታም አይነሳም። ሳቅ ግን የለም። የልጁ ኒካህ ላይ ሙሽራዋ የሌላ ሰው ልጅ የሆነች ይመስል እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ዋለ። «ምን ሆነሃል?» ስለው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ነው መልሱ። እኛ አገር ሰው ዝም ካለ ተቀይሟል። ስለዚህ ሽማግሌ ይላክ ተባለ፤ ከሁሉም አብዝቼ የጎተጎትኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ሦስት ሽማግሎች በረንዳው ላይ ተቀመጡ። «ማል ታቴ? ምን ሆንክ ልጃችን?» አሉት ትልቁ። «ማን አስቀየመህ? ባዶ እጃችንን አትመልሰን።» ወንድሜ ሦስቱንም ተራ በተራ አየና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «እሷ ናት። በልጄ ኒካህ ከሰው ፊት አዋርዳኛለች።»

ደሜ ፈላ። የኒካሁ ቀን ከወጥ ቤት ንቅንቅ አላልኩም፤ እንኳን ላዋርደው በቅጡ አላነጋገርኩትም። ግን ሦስቱም ሽማግሎች አፍጥጠው እያዩኝ ነው። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩና «አውፍ በለኝ» አልኩ። «አውፍ ብያለሁ» አለ። ዱዓ ተደረገ፣ ሽማግሎቹ ደስ ብሏቸው ሄዱ። በማግስቱ ወንድሜ ያው ነበር።

ሁለት ሳምንት እንደምንም ቻልኩት። በሦስተኛው ቅዳሜ ለጠብ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ማሳው ዳር ቆሞ አገኘሁት።

«አያ፣ መቼ ነው ያዋረድኩህ?»

«አላዋረድሽኝም።»

«ታዲያ ለምን ከሰው ፊት አስጎነበስከኝ?»

«ሽማግሎቹ ከሩቅ ነው የመጡት። በባዶ መመለስ ነውር ሆነብኝ። የተቀየምኩትን ነገር ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ አጣሁ። መቀየምም አልቻልኩም። አንቺን ያልኩት ብትናደጂም ተመልሰሽ እንደምትመጪ ስለማውቅ ነው።»

እጄ ሥራ ሲፈታ ስለማልወድ ጥንቅሽ ልቆርጥ ወደ ማሽላው ገባሁ። ቅጠሉን እየገለጥኩ ከዳር ዳር ሄድኩ። የማየው ሁሉ ማሽላ ነው።

«ጥንቅሹ የታለ?»

«አልዘራሁም።»

«ዘሩ ጠፋ?»

«ዘሩማ አለ። ለምን እንደምዘራው ጠፋኝ።» ቀጥሎም «ጠዋት ለምን እንደምነሳም ይጠፋኛል። ባልነሳ እላለሁ» አለኝ።

ያን ቀን የፈራሁትን ያህል በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ወንድሜ ግን አልደበቀም። በሽታው በማሳው ላይ ነበር፤ ስንመላለስበት ከርመን ያላየነው እኛ ነን።

ሰኞ ትምህርት ቤቱን አስፈቅጄ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሟ እጅዎ ይንቀጠቀጣል ወይ፣ ወድቀው ራስዎን ተመተው ያውቃሉ ወይ፣ ሞትን ያስባሉ ወይ እያለች ብዙ ጠየቀችው። እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ እል ነበር። በኋላ «ደስታ ማጣት የአንድ በሽታ ብቻ ምልክት አይደለም» አለችን። «በፓርኪንሰን ይመጣል፣ ከስትሮክ በኋላ ይመጣል፣ በሌሎች የአእምሮ ሕመሞችም ይታያል። የእርስዎ ድባቴ ነው።» እኔ ስትሮክ ከሚለው ቃል አላለፍኩም። አባታችን ከታመመ በኋላ መንዙማ መስማት ትቶ፣ የልጅ ልጁን ሲያስታቅፉት ሌላ ሌላ ቦታ ያይ ነበር። እኛ «አረጀ፣ ረጋ» አልን። በርጋታው አመሰገንነው እንኳ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወንድሜ ኪኒኑን ጀመረ። ዋጥክ ወይ እያልኩ በስልክ አሰለቸሁት። ግንቦት ላይ የጥንቅሹን ዘር ከተሰቀለበት አውርጄ በገዛ እጄ ዘራሁ፤ ቆሞ አየኝ እንጂ አላገዘኝም። መስከረም ደረሰ። በየቅዳሜው አገዳ ልጬ እሰጠዋለሁ፣ ያኝከዋል። «እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» አንድ ቀን ክፋቴ ተነሳና ተራ የማሽላ አገዳ ልጬ ሰጠሁት። አኘከው። «ጥሩ ነው» አለኝ። ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ጥቅምት ገባ፣ አገዳው መድረቅ ጀመረ። እኔም የዘንድሮው አለቀ ብዬ ለወጉ ያህል ከዳር ያገኘሁትን ቆርጬ፣ ልጬ ሰጠሁት። ሁለቴ አኘከና እንትፍ አለው።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥንቅሽ ነዋ።»

«የቱ ጥንቅሽ! ቅጠሉን አላየሽም? ጅማቱ ነጭ አይደል እንዴ! አስተማሪ ነኝ ትያለሽ ደግሞ፤ አላህ ለተማሪዎችሽ ይድረስላቸው!»

ማጭዱን ከእጄ ነጠቀና ማሽላው ውስጥ ገባ። ቅጠል ሲገልጥ፣ አገዳ ሲቆርጥ፣ «ይሄም አይደል» እያለ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ቶሎ አልወጣም። ልከተለው ብድግ አልኩና ተውኩት። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩና፣ እስኪመጣ ድረስ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።