ለዝናቡ ሰውዬ ያስባልኩት እሺ

እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ሮቢት ድረስ ሂጂልኝ ቢሉኝ እሺ፣ በጎቼን እዪልኝ ቢሉኝ እሺ። ከዚያ ሳልሄድ፣ ሳላይ ቁጭ! ሰዉም ለምዶኛል፤ «የሷ እሺ» እያለ ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንዷ እሺ ብቻ ናት የማታስቀኝ።

የልጄ ልጅ እዚሁ ቆቦ እኔ ቤት ተቀምጣ ኮምፒውተር ትሠራለች። ባይኗ ካላየቻቸው የየአገሩ ሰዎች ጋር ሆና፣ ማንም በነፃ የሚወስደው ፕሮግራም ትጽፋለች። ደቦ በሉት። አንድ ቀን ሳያት ፊቷ ጠቁሯል።

«ምን ሆንሽ?»

«ፕሮግራሙ የሚቀበላቸውን ትእዛዞች ስም ጽፌያለሁ፤ ሥራቸውን ግን ገና አልሠራሁትም። ሰው ሲጠራቸው ምን ይበሉ?»

«ሳትወልጂ ስም አወጣሽ!» ብዬ ሳቅሁባት።

«ደንቡ ‹ገና አልተሠራሁም› ብለው እንዲጮኹ ነው። ግን የሰውየውን ሥራ ያቋርጡበታል።»

«ኤዲያ! እንግዳ በር ላይ ቆሞ ይጮኹበታል? እሺ ይበሉትና ይለፍ። እስከዚያ ትደርሺበታለሽ።»

ሳቀች። ደክሟትም ነበር። እሺ አስባለቻቸው።

ከርሞ ከጎብዬ ገበያ ስመለስ ስታለቅስ አገኘኋት። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሰውዬ ፕሮግራሙን ወስዶ የዝናብ ልኬት ሲጽፍበት ከርሟል። በየቀኑ «አስቀምጥ» ይለዋል፤ ያም እሺ ይለዋል። አንዲት ጠብታ አላስቀመጠለትም። የክረምቱ ልኬት በሙሉ ባዶ!

«አብሽሪ፤ ዝናቡማ ዘንቧል፣ የጠፋው ጽሕፈቱ ነው» አልኳት።

«እማዬ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ከእንግዲህ እኔ የነካሁትን አያምኑም።»

ወላሂ፣ ምላሴን ነከስኩ። እኔ የራያ ገበሬ ልጅ፣ ዝናብ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ያየሁት፣ የሰው ዝናብ አጠፋሁ።

«አያቴ ናት ያሳሳተችኝ በያቸው።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። ይኼ ደግሞ ባሰብኝ።

ባዶዎቹን ትእዛዞች አንድ ባንድ እያነሳች እንዲጮኹ አደረገቻቸው። ለሰውዬው ስትጽፍ «አያቴም አፉ በለኝ ብላሃለች በይልኝ» አልኳት። መልሱን አነበበችልኝ። አፉ ብሎኛል። የዘነበውን ግን ዳግም ልለካው አልችልም ብሏል።

ትናንት ጎረቤቴ ልጇን ነገ ጤና ጣቢያ እንድወስድላት ለመነችኝ። አፌ ለእሺ ተከፍቶ ነበር።

«አልችልም፣ ጉልበቴን አሞኛል» አልኳት።

«አንቺ? ዛሬስ እሺሽ የት ገባ?»

ከፋት። ወዲያው ግን ማዶ ካለችው ሴትዮ ዘንድ ሄዳ ጠየቀች፤ እሷ ትወስድላታለች። ያ የዝናቡ ሰውዬም ትእዛዞቹ በመጀመሪያው ቀን ቢጮኹበት ኖሮ፣ ሌላ ማስቀመጫ ይፈልግ ነበር።