የአያ ጎሹ ተዝካር

ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሄጄ፣ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ። አንድ ደራሲ አዲስ መጽሐፉን ሊያስመርቅ ነው። ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ሳቄ መጣ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሻለሁ፤ ወንድሜ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ጥቁር የለበሰ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ብቻውን ሲስቅ ማየት ያስፈራል መሰለኝ፣ አንዲት ሸንኮራ ሻጭ ሸንኮራዋን ወደ ራሷ ሰበሰበች። ምን ልበላት? እኔ ስናገር ይሰባበርብኛል። ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ወንድሜ አንተነህ ደራሲ ነበር። እኔ አያ እለዋለሁ፤ በእኛ አገር ታላቅ ወንድም በባዶ ስሙ አይጠራም። መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት ጠረፍ አካባቢ፣ ስልክ በማይሠራበት ቀበሌ መምህር ነበር። እዚያ ሳለ አባታችን ሞተ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ "በሰው አገር ብቻውን መርዶ አይሰማም፤ ሲመጣ በወግ ይነገረዋል" አሉ። ለእረፍት ሲመጣ ድንኳኑ ፈርሷል፣ አርባው ወጥቷል፣ ሰው ወደ አጨዳው ገብቷል። ማለዳ ቀስቅሰው አረዱት። ጎረቤት ትንሽ አለቀሰና ወደ ሥራው ሄደ። እሱ ግን አላለቀሰም። እንባው አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ቡሬ፣ ቤታችን መጥቶ አይበረክትም። አንድ ቀን አድሮ ይሄዳል። ሰው ሁሉ "የአባቱን አፈር ያላለበሰ" የሚለው ይመስለዋል። ማንም ሲል እኔ አልሰማሁም። እሱ ግን ይሰማዋል።

ከዚያ "ከጅጋ ወዲህ" የሚለውን መጽሐፍ ጻፈ። ጎሹ ስለሚባል ጋሪ ነጂ ነው። ጎሹ ከማንም ጋር ይጣላል፣ ፈረሱን ግን አንቱ ይለዋል። "ይነሡ እንጂ ጌታው፣ ዳገቱ ራሱ አይመጣልዎት!" እያለ ነው የሚነዳው። ሰው በጣም ወደደው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን በክረምት ብር የሚባለው ወንዝ ሞልቶ ጎሹን ወሰደው። መጽሐፉ እዚያው አለቀ። ቀብር የለ፣ ለቅሶ የለ።

አንባቢዎቹ ተቆጡ። ቴሌግራም ላይ "የአያ ጎሹ ዘመዶች" ብለው ተሰበሰቡ። ሁለተኛው መጽሐፍ ሲታተም የዘመዶቹ ሰብሳቢ፣ ሙሉቀን የሚባል የፍኖተ ሰላም ባጃጅ ነጂ ደወለ።

"እዚህ እናስመርቅልሃለን። ከቡሬም ከጅጋም ከሽንዲም ሰው ይመጣል። ብቻ..."

"ብቻ ምን?" አለው ወንድሜ።

"ብቻ አንተ ና።"

ጥቅምት ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩበት ዓመት። መጽሐፎቹን በካርቶን ጭነን ከቡሬ በሚኒባስ ተነሣን። በርበሬው በየደጁ ተሰጥቶ መንገዱ ቀልቷል። ሹፌሩ መስኮቱን ከፍቶ ስለሚነዳ ተሳፋሪው ሁሉ ያስነጥሳል። ወንድሜ ግን የበርበሬው ሽታ ያልደረሰበት ይመስል ውጭ ውጭውን ያያል።

"አያ፣ ፈራህ እንዴ?" አልኩት።

"ሰው ከመጣም እፈራለሁ፣ ካልመጣም እፈራለሁ።" ቀጠለና፣ "ዛሬ የአገሬ ሰው ፊት ከነሣኝ ከእንግዲህ ለእንግድነትም አልመጣም" አለ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

አዳራሹ ግቢ ስንደርስ ድንኳን ተጥሏል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። በትልቅ ድስት ንፍሮ ይጨለፋል፤ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ የለቅሶ ንፍሮ። አንድ ፈረስ ጋቢ ተደርቦበት ግቢውን ያዞሩታል፤ ድሮ የሟች ፈረስ በለቅሶ ላይ እንደሚደረገው ማለት ነው።

"ሰው ሞቶባቸዋል። ፕሮግራሙ ቀርቷል" አለ ወንድሜ።

ካርቶኖቹን ከአጥሩ ሥር ሸሸግናቸው። ባርኔጣውን አወለቀ። አንገታችንን ደፍተን ገባንና አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ አጠገቡ ወደተቀመጡ እናት ጠጋ አለ። እማማ የሺ ይባላሉ፤ ከጅጋ በእግራቸው ነው የመጡት። መጽሐፉን ልጃቸው ማታ ማታ ታነብላቸው እንደነበር ኋላ ነገሩን።

"እግዜር ያጥናዎት እማማ። ማን ነው ያረፈው?"

ቀና ብለው አዩት። ፊቱን ከመጽሐፉ ጀርባ ያውቁታል።

"አንተው ገድለህ አንተው ትጠይቀኛለህ?"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሙሉቀን የጎሹን የመሰለ የሣር ባርኔጣ ደፍቶ፣ አለንጋ ይዞ እየሮጠ መጣ።

"ደራሲያችን፣ አትቀየመን። አዲሱን እንፈልገዋለን። ግን ለጎሹ ሳይለቀስለት እንዴት ብለን እንንካው? ሰው እንደ ገለባ በጎርፍ ተወስዶ ዝም ይባላል?"

ወንድሜ ሳቀ። ከቡሬ ከተነሣን የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። የመጣው ሰው አላኮረፈውም፤ እንዲያውም ከኔ ግባ ከኔ ግባ እያለ ይጎትተዋል። እኔም በቃ፣ ተረፍን አልኩ። ያኔ አንድ ቄስ ጥላቸውን ይዘው ገቡ።

ሙሉቀን "የአያ ጎሹ ተዝካር ነው" ብሎ ጠርቷቸው ኖሯል። ሌላ ነገር አልነገራቸውም። መስቀላቸውን አሳልመው ቆሙና፣

"የሟች ስመ ክርስትና ማን ነው?" አሉ።

"ጎሹ" አለ አንዱ።

"እሱ የዓለም ስሙ ነው። የት አጥቢያ ነው ያረፈው?"

"መጨረሻው ገጽ ላይ አባ" አለች አንዲት የሽንዲ ተማሪ፣ አፏን ይዛ።

ቄሱ ዞር ብለው ፈረሱን አዩ፤ ባርኔጣውን አዩ። ገባቸው።

"ከወረቀት ለተሠራ ሰው ነው ከቤቴ ያወጣችሁኝ?"

"ከወረቀት ቢሠራም ፈረሱን አንቱ ይላል" አሉ እማማ የሺ። "አባ፣ እርስዎ በቅሎዎን ምን ይሏታል?"

ቄሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ግን ጥላቸውን አነሡ። "ልጆቼ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታስበው ስም ያለውን ሰው ነው። ስም ከሌለ እኔ ምን ብዬ ልጥራ?"

ሙሉቀን ወደ ወንድሜ ዞረ። "አንተ ነህ የወለድከው። ክርስትና ያስነሣኸው በማን ስም ነው? ንገራቸው እንጂ!"

ሁሉም አዩት። ወንድሜ ተነሣ። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

"ወልደ ሐዋርያት" አለ።

  የአባታችን ስመ ክርስትና ነው። ከቤታችንና ከነፍስ አባቱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ከዚያ ሌላው መጣልኝ። አባታችን ቀዩን በሬያችንን "እርስዎ" ይለው ነበር፤ እርሻ ላይ፣ በተለይ ሲደክመው። መጽሐፉን ደጋግሜ አንብቤ፣ ጎሹ ፈረሱን አንቱ ማለቱን እንደ ቀልድ አልፌው ነበር።

ቄሱ ለረጅም ጊዜ አዩት። "ይኼስ ከወረቀት አይደለም" አሉ።

"አይደለም አባ። አባቴ ነው። ሲቀበር አልነበርኩም፤ አልሰማሁም።"

 ከዚያ እማማ የሺ ተነሡና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "እኔን ልጄን! ብቻህን ይዘኸው ኖርክ!" ብለው ጮኹ። የቀልዱ ለቅሶ እዚያ ላይ አበቃ። ሴቱ ጮኸ፤ ወንዱ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ወንድሜ አለቀሰ። በእውነት፣ እንደ ሕፃን፣ አፍንጫውን ሳይጠርግ። የማያውቁት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈው ያዙት። እኔ ለአባቴ በጊዜው አልቅሼ ነበር። ደገምኩት።

ቄሱ ስሙን ጠርተው ጸለዩ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ፈረሱ አንገቱን ድስቱ ውስጥ ከትቶ ንፍሮውን ይዞታል። እማማ የሺ እንባቸው ሳይደርቅ፣ "ተዉአቸው፣ ጌታው ይብሉ፤ ቤተ ዘመድ ናቸው" አሉ። እንባና ሳቅ አብሮ ሲመጣ ሆድ እንዴት እንደሚያም ያን ቀን አወቅኩ።

ከዚያ ንፍሮውን ከፈረሱ በተረፈው በላን፤ ጠላው ተቀዳ። ካርቶኖቹ ከአጥር ሥር ወጡ። አዲሱ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ቄሱም አንድ ያዙ።

"በዚህኛው ማን ይሞታል?"

"ማንም አባ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አንዲት በቅሎ ብቻ።"

"እንግዲያው አላነብም" አሉ፤ ግን ጥላቸው ሥር ይዘውት ሄዱ።

ወንድሜ ያን ጊዜ ቡሬ አንድ ቀን አድሮ አልሄደም። በርበሬው ተለቅሞ እስኪያልቅ ቆየ። ጎረቤት ቡና ሲጠራው ይሄዳል፤ ስለ አባታችን ያወራል፤ ያስወራል። ከዚያ በኋላም ቤታችንን እንደ ቤቱ ነበር የሚገባበት የሚወጣበት፤ እስኪታመም ድረስ።

ባለፈው ክረምት ሲሞት ታናሽ እኅታችን ቤሩት ነበረች፤ በሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው ተሰበሰቡ። "ብቻዋን በሰው አገር አትስማ" አሉ። ክፋት አይደለም፤ አዝነውላት ነው። እኔ በሽማግሌ ፊት መናገር አልችልበትም። ወጣሁና ከጓሮ ደወልኩላት። እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም፤ ቃሉ ተሰባብሮብኝ ነበር። ስትጮህ ስልኩን አልዘጋሁም። ድምፁን ከፍ አድርጌ ይዤው ገባሁና ድንኳኑ ውስጥ፣ አልቃሾቹ መሃል፣ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። አንዲት አክስታችን መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ወደ ወንበሩ ጠጋ ብላ ስሟን እየጠራች አብራት አለቀሰች።

ሽማግሌዎቹ እስካሁን ይቆጡኛል። እኅቴ ግን ሰው ሲጠይቃት፣ "ወንድሜን ስንቀብር ነበርኩ" ትላለች።