ሽማግሌ ያልተላከበት እርቅ

የገና ዕለት መምህሯ ልጄ ወረታ ከተማ ባለው ቤቷ ጋበዘችንና ከኢንተርኔት ያወረደችውን የፈረንጅ የበዓል ፊልም ከፈተችልን። ታናሽ ወንድሜም መጥቷል። ከብቶቹ የፎገራን ሩዝ ግማሹን፣ የእኔን ደግሞ ሙሉውን ከበሉ ወዲህ ሦስት ዓመት ቃል አልተለዋወጥንም።

የፊልሙ በረዶ ከመብዛቱ የተነሳ እኔ ጋቢ ደረብሁ። ሃያ ዓመት የተኳረፉ ወንድማማቾች ለራት ቀረቡ፤ አንዱ ለሌላው ሳህን ሲያቀብል ሁለቱም አለቀሱና ታረቁ!

«ሽማግሌ ሳይላክ? ካሳ ሳይቆረጥ?» አልሁ በንቀት።

«ዋስ እንኳ አልጠሩም፣ ቀልደኞች!» አለ ወንድሜ ከጥግ።

«ይሄ እርቅ ከዚህ ሐሙሲት ከተማ እንኳ አይደርስ!»

«ከደጃፉም አይወጣ! ይልቅ ጋሼ፣ ያን የሥጋ ሳህን ወዲህ በለው።»

እየሳቅሁ አቀበልሁት። ቀና ብንል፣ ሰው ሁሉ ፊልሙን ትቶ እኛን ያያል።