አማርኛ የምትረሳዋ ሳጥን

ባለፈው ቅዳሜ አቃቂ በሰቃ ሄጄ እትዬ ዘሀራን ጠይቄያቸው ነበር። የልጅነት ጓደኛዬ የሰዒድ እናት ናቸው። አሁን አርጅተዋል፤ ሰውም እየረሱ ነው። ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ሳለ መብራት ጠፋ። ወዲያው ተነሱና ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው የፍሪጁንና የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቀሉ። ተመልሰው ሲቀመጡ ትኩር ብለው አዩኝና «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ያስቀዱልኝን ሻይ እንኳ ገና አልጨረስኩም ነበር።

ስሜን የረሱት ሴትዮ ሶኬት መንቀል አልረሱም። ያንን እጅ በደንብ አውቀዋለሁ፤ አንድ ክረምት ሊያሳብደኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ያኔ እኔና ሰዒድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን፤ እሱ ሕግ፣ እኔ ኮምፒውተር። ሰዒድ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። አንድ በጎ አድራጊ ያረጀ ላፕቶፕና የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ጥቁር ሳጥን ሰጠው። ሳጥኗ በራሷ ሽቦ ከሶኬት ኃይል እያገኘች ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጆሮ ማዳመጫ ታነብለታለች። ችግሩ የምታውቀው እንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ነው፤ የኛን ፊደል ስታገኝ ጭጭ ትላለች። እኔም በዚያ ዕድሜ የማይቻል ነገር መኖሩን ገና የነገረኝ ሰው ስላልነበረ «አማርኛ አስተምራታለሁ» ብዬ ተነሳሁ።

ወራት ፈጀብን። ሳጥኗ ከምታውቃቸው ድምፆች እየቀጣጠልን ለእያንዳንዱ ፊደል አነባበብ አበጀን፤ ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ ሰበሰብነው። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር እኔ የጻፍኩት ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩንና ሳጥኗን የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ ሠንጠረዡን ይጭንላታል፤ ከዚያ ማንበብ ትጀምራለች። «ቀ»ን ግን እስከ መጨረሻው «ከ» እንዳለች ቀረች። ሰዒድ እየሳቀ «ፈረንጅ አግብቼ ቁጭ አልኩ እኮ» ይለኝ ነበር።

ያ ላፕቶፕ እስኪነሳ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። ደግሞም ሳጥኗ ሥራ እስክትጀምር ድረስ ሰዒድ ምን እየሆነ እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ዓይን ያለው ሰው አጠገቡ ሆኖ ስክሪኑን እያየ ሊነግረው ይገባል። ስለዚህ አያጠፋውም። ክዳኑን ሲዘጋው ያሸልባል፣ ሲከፍተው ካቆመበት ይቀጥላል። ለተመልካች ቀላል ነገር ነው። ውስጡን ላየው ግን ከእንቅልፉ በፊት እያንዳንዱ ዕቃ በተራው «የያዝከውን ጨርስ፣ የት እንደደረስክም ያዝ» ይባላል፤ ሲነቃም በተራው ይቀሰቀሳል። ስክሪኑም ኪቦርዱም ይህን የሚያደርግላቸው ኮድ አብሯቸው መጥቷል። ሳጥኗን የሚያስተኛትና የሚቀሰቅሳት ኮድ ግን የኔ ዕዳ ነበር። ጻፍኩት፣ ሠራ፣ ሰዒድን ሳንቡሳ አስጋበዝኩት።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። እቤቱ አንዳንድ ቀን ክዳኑን ሲከፍት ሳጥኗ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ድምፅ የለም። ሁልጊዜ የሚበላሽ ነገር መላ አለው፤ «አንዳንድ ቀን» የሚበላሽ ግን ሰውን ከጓደኛው ያጣላል። እኔ ክፍል ስሞክረው አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። «ገመዱን ነካክተህ ይሆናል» እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ «ከእጄ ይልቅ ኮድህን አትጠረጥርም?» ይለኛል።

በዚህ መሀል የመመረቂያ ጽሑፉን በገምጋሚዎች ፊት የሚያቀርብበት ቀን ደረሰ። መምህሩ በቅንነት «እህትህ ታንብብልህ፣ ማንም አይቃወምም» ብሎታል። ሰዒድ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ።

«ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰው ነው ያነበበልኝ» አለ። «አንድ ቀን እንኳ እኔው ከፍቼ እኔው ላንብብ። በሰው አፍ አልመረቅም!»

በማግስቱ እነሱ ቤት ሄድኩ። ሰኔ ነበር። የአቃቂ ጥቁር ጭቃ ጫማ ላይ ሲደራረብ የሰው ቁመት ይጨምራል፤ አጭር ስለሆንኩ ከሌላው ሰው ያነሰ ነበር የምጠላው። እትዬ ዘሀራ እንደ ወሎ ልማዳቸው «አብሽር፣ ግባ ልጄ» ብለው ትኩስ ሳንቡሳና ዝንጅብል ያለው ሻይ አቀረቡልኝ። ቅመም ነጋዴ ስለነበሩ ቤቱ ሁልጊዜ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። የሰዒድን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳጥኗን ሳዳምጥ መብራት ጠፋ።

የላፕቶፑ ባትሪ ስለደከመ ሰዒድ ክዳኑን ዘጋው። እትዬ ዘሀራ ተነስተው በቤቱ ያለውን ሶኬት ሁሉ ነቃቀሉ። ማንም ልብ አላላቸውም፤ በየቤቱ የሚደረግ ነገር ነው። እኔም ማዳመጫውን ሳላወልቅ ሳንቡሳዬን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ ውጭ ያሉ ሕፃናት «መጣ!» ብለው ጮኹ። የሰዒድ እህት ሀያት ፍሪጁን ልትሰካ ብድግ ስትል እናቷ «ቆይ! ይርጋ!» አሏት። ተመልሶ የሚመጣ መብራት መጀመሪያ ላይ ኃይለኛ ሆኖ ዕቃ ስለሚያቃጥል ረጋ እስኪል ይጠበቃል። ከረጋ በኋላ ራሳቸው አንድ በአንድ ሰኩ፤ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ በመጨረሻም አንዲት ቀጭን ሽቦ።

በጆሮዬ ውስጥ አንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ «ሬዲ» አለኝ። ብድግ ስል ሻይዬን ደፋሁት።

«እትዬ፣ ይቺንም ነቅለዋት ነበር እንዴ?»

«ታዲያስ! ስንት የደከማችሁባት ነገር ትቃጠል?»

«ሁልጊዜ ይነቅሏታል?»

«መብራት በጠፋ ቁጥር ነዋ» አሉና ደነገጡ። «ምነው፣ አጠፋሁ?»

ሳጥኗ «ሬዲ» የምትለው ኃይል አጥታ እንደ አዲስ ስትነሳ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የተኛ ብቻ ነው፤ እሷ ግን ጨርሳ ጠፍታ እንደ ገና በርታለች፣ አማርኛዋም አብሮ ጠፍቷል። ክዳኑ ሲከፈት የኔ ኮድ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ «ካቆምሽበት ቀጥዪ» ይላታል። እኔ ክፍል ያልታየኝ ሰዒድ ይዟት ሲመጣ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስነስቼ ስለምሠራ ነው።

«በቃ እማ፣ ሁለተኛ አትንቀያት» አለች ሀያት።

«ተያት፣ ትንቀል» አለ ሰዒድ። «እስከ ስድስት ኪሎ ቦርሳዬ ውስጥ ሆና ነው የምትሄደው። ቦርሳ ውስጥ ሶኬት አለ?» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንተም ታስታውሳለች ብለህ አትመናት። አታስታውስም በል። በነቃች ቁጥር ከሀ ጀምረህ ንገራት።»

እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩት። የደረሰችበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ይይዝላታል፤ ሲነቃ ሠንጠረዡን፣ ታስታውስም አታስታውስም፣ እንደ አዲስ ይጭንላታል፤ ከዚያ ቦታዋን ያሳያታል። ሞከርነው፣ እምቢ አለ። ገና ሳትረጋ ስለጫንኩባት ግማሹን አልሰማችም ነበር፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የእትዬ ዘሀራ «ይርጋ» ትዝ አለኝና ከመጫኑ በፊት ጥቂት የምታስጠብቅ መስመር ጨመርኩ። ሳጥኗ ካቆመችበት ቃል፣ ከ«ቀጠለ»፣ «ከጠለ» ብላ ተነሳች። ሰዒድ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ።

ጽሑፉን ያቀረበበት ቀን ዝናብ ነበር። እኔና እትዬ ዘሀራ ከኋላ ተቀመጥን። ሰዒድ በእጁ ዳብሶ ሶኬቱን አገኘ፣ ሳጥኗን ሰካ፣ ማዳመጫውን አደረገ፣ ክዳኑን ከፈተ። ከዚያ ዝም አለ። ገምጋሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያቺን ጥበቃ የጻፍኳት እኔው ነኝ፤ ግን አላልቅ አለችኝ። እትዬ ዘሀራ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው «አብሽር፣ ይርጋ» አሉኝ በሹክሹክታ። ሰዒድ ፈገግ አለና ማንበብ ጀመረ። ያን ቀን ካለቀሱት ሁለት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ሰዒድ የታወቀ ጠበቃ ነው፤ ስልኩ ራሱ አማርኛ ያነብለታል፣ «ቀ»ንም አሳምሮ። እኔ ገላን ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ ኑሮዬም ኮድ መጻፍ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ኮድ ጽፌያለሁ፤ እንደዚያ የወደድኩት ግን የለም።

ቅዳሜ እትዬ ዘሀራ «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉኝ «ረሱኝ እንዴ?» ልል አፌን ከፈትኩ። አብሮኝ የነበረው ሰዒድ ከጎኔ ክንዴን ጨበጥ አደረገኝ። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ እሳቸውን ከማሳፈር በቀር ምን ይፈይዳል?

«ተስፋዬ ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው። «የሰዒድ ጓደኛ። አባቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረው። ሳንቡሳዎን በልቼ የማልጠግበው።»

ከሀ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ ሳንቡሳው ላይ ስደርስ ሳቁ። አውቀውኝ ይሁን ለሰው ፊት ብለው አላውቅም። ልቤ ግን ተነካ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደ አዲስ እነግራቸዋለሁ።

ውጭ ሕፃናት «መጣ!» ብለው ጮኹ። ፍሪጁን ልሰካ ተነሳሁ።

«ቆይ» አሉኝ እትዬ ዘሀራ፣ «ይርጋ።»

ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።